ለነጭ ሥጋ የሚደልቡ ጥጆችና ብረት

ጤና ይስጥልኝ። በኔዘርላንድ ለነጭ ሥጋ የሚደልቡ ጥጆች ብረት የሚያንሳቸው በስሕተት ነው ወይስ ታስቦበት ብለው ለጠየቁት፣ በአብዛኛው ታስቦበት ነው። የሥጋ ቅላት የሚመጣው ማዮግሎቢን ከተባለው ብረት አዘል የጡንቻ ፕሮቲን በመሆኑ፣ በሊትር ግማሽ ሚሊግራም ያህል ብረት ብቻ ባለው ወተት፣ ወይም ብረቱ ሆን ተብሎ በተመጠነ የዱቄት ወተት ያደገ ጥጃ ሥጋው ገርጥቶ ይቀራል። ጉዳቱ ግን ከቀለም ያልፋል፤ ደሙ በቂ ኦክስጅን መሸከም ሲሳነው ጥጃው በትንሽ እንቅስቃሴ ይደክማል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ እድገቱ ይጓተታል፣ በሽታን የመቋቋም አቅሙም ይዳከማል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ የጥጆቹ አማካይ ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው ብረት አዘል የደም ፕሮቲን) በሊትር ደም ከ4.5 ሚሊሞል እንዳያንስ፣ ዕድሜው ከሁለት ሳምንት ያለፈ ጥጃም በየቀኑ እንደ ድርቆሽ ያለ አሰር ያለው መኖ እንዲያገኝ ያዛል። እኔን አጥብቆ የሚያሳስበኝ «አማካይ» የሚለው ቃል ነው፤ መንጋው በጥቅሉ መስፈርቱን ቢያሟላም፣ ከመካከሉ አንዳንዱ ጥጃ ከዚያ በታች ወርዶ ሊሠቃይ ይችላል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ጥጃ ደም ማስመርመር፣ ዝቅ ያለበትንም ለይቶ በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ብረት መስጠት ተገቢ ነው፤ መጠኑን በግምት መወሰን ግን አይገባም፤ ብረት ሲበዛም ይመርዛልና።