ኢላት ላይ ያየኸው ባለአራት ቀለም ቀንድ አውጣ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ኢላት (እስራኤል፣ ቀይ ባሕር ዳር) ስዋኝ ቀይ ስፖንጅ (ከባሕር ወለል ጋር ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ) ላይ የተለጠፈ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ባለመስመር ፍጥረት አገኘሁ፤ የስልኬ አፕ «ክሮሞዶሪስ ማግኒፊካ» አለኝ፣ እውነት ነው? ብለሃል።

አይደለም። ክሮሞዶሪስ ኳድሪከለር ነው። ዛጎል የሌለው የባሕር ቀንድ አውጣ፣ የቀይ ባሕር ልጅ። ጠላቂዎች «ፒጃማ» ይሉታል፤ ለምን እንደሆነ ፎቶህ ራሱ ይናገራል።

አፑ ቀለም አይቶ ነው የፈረደው። ማግኒፊካ ግን የምዕራብ ፓስፊክ ነው፤ ኢላት ምን ሊሠራ ይመጣል? እኔ ከቀለም በፊት የምጠይቀው «የት?» ብዬ ነው።

ከዚያ ፎቶውን አጉልቼ አካሉን አያለሁ። ፊቱ ላይ ሁለት ብርቱካናማ ቀንዶች አሉ፤ የሚያሸትባቸው ናቸው። ወደ ኋላ ጀርባው ላይ ደግሞ እንደ አበባ የተበተነ ብርቱካናማ ስንጥብ አለ፤ የሚተነፍስበት ነው። ሲነኩት ሰብሰብ አድርጎ ወደ ውስጥ ይከተዋል። ቀንዶቹም አበባውም ባይታዩ ኖሮ ጠፍጣፋ ትል ይሆን እንዴ ብዬ እጠረጥር ነበር። ጠፍጣፋ ትሎችም በቀለም አይታሙም። አራቱ ቀለማት እንግዲህ እነዚህ ናቸው፦ ጥቁር መስመር፣ በመካከሉ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ዙሪያውን ብርቱካናማ፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን ነጭ።

ስፖንጁስ? እሱ ምሳው ነው። ፎቶህ ላይ ያለው ኔጎምባታ ማግኒፊካ ይመስላል (ስሙ አፑ ከሰጠህ ስም ጋር መመሳሰሉ አያምታታህ)። ይህ ስፖንጅ ሲጨመቅ ቀላ ያለ ፈሳሽ ያወጣል፤ ፈሳሹ ዓሣ ይገድላል። በ1980 እስራኤላውያን ተመራማሪዎች መርዙን ለይተው «ላትሩንኩሊን» ብለው ጻፉ። ዛሬ ሴል የሚያጠኑ ሰዎች በየላቦራቶሪው ይጠቀሙበታል። ቀንድ አውጣው ግን ስፖንጁን እየበላ መርዙን ለራሱ ያጠራቅማል። እንዲህ አሸብርቆ ያለ ዛጎል በጠራራ ፀሐይ የሚንጎራደደው በከንቱ አይደለም፤ ቀለሙ «ዞር በሉ» ማለቱ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ይህን ቀንድ አውጣ ሎይካርት ከሚባል የእንስሳት ተመራማሪ ጋር ሆኖ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ኤድዋርድ ሩፐል ነው። የእኛን ጭላዳና ቀይ ቀበሮም የመዘገበው ያው ጀርመናዊ ነው።

ኬንያ ወይም ዛንዚባር ያየኸው ቢሆን ኖሮ ግን እንዲህ አፌን ሞልቼ አልናገርም ነበር። እዚያ «አፍሪካና» የሚባል ዘመድ አለው፣ ቁርጥ እሱን። ሌላ ካገኘህ ሳትነካው ከላይም ከጎንም ፎቶ አንሳው፤ የተቀመጠበትም ነገር ፎቶው ውስጥ ይግባ።