የኤትና ወይን፦ ከፍታው፣ አፈሩና የተራራው ፊት (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ከኤትና፣ ማለትም ሲሲሊ (ጣሊያን) ካለው የእሳተ ገሞራ ተራራ፣ ሁለት ቀይ ወይኖች አሉኝ፤ አንዱ 600፣ ሌላው 900 ሜትር ላይ የበቀለ። ልዩነታቸውን ምኑ ላይ ልፈልገው?

መልስ፦ መጀመሪያ ኮምጣጣነቱ ላይ። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ መካከል ወደ 2 ዲግሪ ልዩነት አለ። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ፍሬው ማሊክ አሲዱን (ጥሬ ፍሬን የሚያኮመጥጠውን) ቶሎ አይጨርስም፣ መብሰሉም ይዘገያል። የኤትና ዋናው ቀይ ወይን የሚሠራበት ኔሬሎ ማስካሌዜ ደግሞ ድሮውንም ዘግይቶ የሚደርስ ዝርያ ነው፤ ከፍ ካለ ቦታ ለቀማው ኦክቶበር ውስጥ ይገባል። ችግሩ የሚመጣው ዝናብ ፈርቶ የተቻኮለ ሰው ላይ ነው፤ ስኳሩ ደርሶ ልጣጩና ዘሩ ጥሬ ይቀራሉ፣ ወይኑም ምላስ ያደርቃል። ዘሩን አኝኮ ማየት ነው፦ አረንጓዴና መራራ ከሆነ ይቆይ፣ ቡናማ ሆኖ ቀጭ ካለ ደርሷል።

ጥያቄ፦ ጭስ ጭስ የሚለው ሽታ ከላቫው ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም፤ ሥር ድንጋይ አይጠጣም። ያ ሽታ አብዛኛውን ጊዜ ከበርሜሉ ወይም በጠመቃ ወቅት ከሚፈጠሩ የሰልፈር ውህዶች ነው። አፈሩ የሚሠራው በውኃ በኩል ነው። ሪፒዱ የሚባለው ጥቁር የገሞራ ጠጠር ዝናቡን ወዲያው ያሳልፈዋል፤ ሥሩ ውኃ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል፣ ተክሉም ቅጠል አያበዛም፣ ፍሬው ትንንሽ ሆኖ ልጣጩ ይበዛል። ደቃቅ አመድ የበዛበት መሬት ግን ውኃ ይይዛል፤ እዚያ ቅጠሉ ካልተመለመለ ዘለላው ጥላ ውስጥ ቀርቶ ይሻግታል።

ጥያቄ፦ ኤትና ላይ በሌላ ዝርያ ሥር ላይ ሳይከተቡ በራሳቸው ሥር የቆሙ አሮጌ የወይን ግንዶች አሉ፤ እንዴት ተረፉ?

መልስ፦ የወይን ሥር የሚያጠፋው ፊሎክሴራ የሚባል ተባይ ልል አሸዋ ውስጥ እንደ ልቡ አይንቀሳቀስም።

ጥያቄ፦ ነጩ ወይንስ?

መልስ፦ ወደ ተራራው ምሥራቃዊ ፊት፣ ሚሎ ወደምትባለው ከተማ ይሂዱ። የባሕሩ እርጥበት እዚያ ስለሚያርፍ ዝናቡ ብዙ ነው፤ ካሪካንቴ የሚባለው ነጭ ዝርያ ይስማማዋል። «ኤትና ቢያንኮ ሱፔሪዮሬ» የሚለው ስም የሚፈቀደውም ለሚሎ ወይን ብቻ ነው። አሲዱ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ስለሆነ፣ ማሊክ አሲዱ ለስላሳ ወደሆነው ላክቲክ አሲድ እስኪለወጥ ወይኑን ከአተላው ጋር እስከ ጸደይ ማቆየት የቆየ ልማድ ነው።

ጥያቄ፦ ስገዛ ታዲያ የሜትሩን ቁጥር ልመን?

መልስ፦ ብቻውን አይመኑት፤ የተራራው የትኛው ፊት እንደሆነ ይጠይቁ። ደቡብ ምዕራቡ ፀሐይ ስለሚበዛበት 900 ሜትር ላይ በደንብ የሚበስል ፍሬ፣ ሰሜኑ ላይ በዚያው ከፍታ ጥሬ ሊቀር ይችላል።