ከቦሌ እስከ ደለስ፦ የበረራ ሰዓት ጥያቄና መልስ

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስላለው በረራ ግራ የገባችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ጥያቄዎች ጀመርኩ።

ጥያቄ፦ ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ይባላል። አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ይበራል። ሲካፈል 13 ሰዓት አይሞላም። እናቴ ስትመጣ ግን ከ16 ሰዓት በላይ ፈጀባት። ለምን?

መልስ፦ ርቀቱ ልክ ነው፤ ጉድ የሚሠራው ማካፈሉ ነው። ወደ ምዕራብ ሲበር ኃይለኛ ንፋስ ከፊት ይገጥመዋል፣ ያ ከፍጥነቱ ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ደግሞ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። እንደ ጊዜው የአየርላንዷ ደብሊንም የቶጎዋ ሎሜም ልትሆን ትችላለች።

ጥያቄ፦ ስንመለስ ግን ቀጥታ ነው። ለመሄድ ያልበቃው ነዳጅ ለመመለስ እንዴት በቃ?

መልስ፦ ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ቦሌ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ክንፉ የሚያገኘው ማንሻ ኃይል ይቀንሳል፣ ሞተሩም እንደ ቆላው አይገፋም። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመነሳት ይበልጥ መፍጠን፣ ይበልጥም መንደርደር አለበት። ማኮብኮቢያው ግን ማለቂያ አለው። ቀሪው አማራጭ ክብደት መቀነስ ነው፤ ሰውና ሻንጣ ከሚቀር ነዳጁ ቢቀነስ ይሻላል። የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ ደለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚያ ጢም አድርጎ ሞልቶ ይነሳል። ንፋሱም ከኋላ ይገፋለታል። ለዚህ ነው በ13 ሰዓት አካባቢ ቦሌ ዱብ የሚለው።

ጥያቄ፦ ስክሪኑ ላይ መንገዱ ጎብጦ በስፔን በኩል ይወጣል። ቀጥ ብሎ ለምን አይሄድም?

መልስ፦ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው! ምድር ድቡልቡል ናት፣ ካርታው ነው ጠፍጣፋ። ኳሱ ላይ ክር ብትወጥር በሱዳንና በሊቢያ በኩል አድርጎ ስፔንና ፖርቱጋል ጋ ይወጣል። እርግጥ በሱዳን ጦርነቱ ከተነሳበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ አውሮፕላኖች በአብዛኛው ያን ሰማይ ዞረው ነው የሚያልፉት፤ ይህም ደቂቃ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ በቆረጥኩት ትኬት ላይ መነሻ 11:00፣ መድረሻ በማግስቱ 07:00 ይላል። 20 ሰዓት ነው እንዴ?

መልስ፦ አይደለም እህቴ፣ አትደንግጪ። ትኬት የሚጽፈው የየከተማውን ሰዓት ነው። በበጋቸው አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በ7 ሰዓት ትቀድማለች፣ በክረምታቸው በ8። ከ20 ላይ 7 ቀንሺ፣ 13 ቀረ። እና ለሚቀበልሽ ሰው ስትነግሪ 07:00 የኛ ጠዋት 1 ሰዓት መሆኑን አደራ! ከሰዓት 7 ሰዓት መስሎት እዚያው ያስቀርሻል።

ጥያቄ፦ ቴላቪቭስ?

መልስ፦ 2,600 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 4 ሰዓት አካባቢ።

ጥያቄ፦ ባህር ዳር በአየር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሆነ በ20 ደቂቃ መድረስ የለብንም? ትኬቱ አንድ ሰዓት ይላል።

መልስ፦ ትኬቱ የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ አንስቶ እዚያ ደርሶ እስኪቆም ነው። ተራ መጠበቁም መንደርደሩም ይገባበታል። አጭር በረራ ላይ ሽቅብ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ መውረድ ስለሚጀምር 900 የሚባለው ፍጥነት ላይ አይደርስም።