ማሽኑ 34 እያሳየ ሰላጣው ለምን ሞቀ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ካወጣሁ ብዙም አልቆየሁ፤ ደረቅ ጭነት ስነዳ ቆይቼ በቅርቡ ሪፈር (ማቀዝቀዣ ያለው ተሳቢ) ጀመርኩ። ከሳሊናስ ካሊፎርኒያ ሰላጣ ጭኜ ዴንቨር ሳደርስ ተቀባዩ «ሞቋል» ብሎ መለሰብኝ። የጭነቱ ወረቀት 34 ዲግሪ ፋራናይት ይላል፣ ማቀዝቀዣ ማሽኑም መንገዱን ሙሉ 34 ነው ያሳየኝ። አሁን ክፈል ልባል ነው። ጥፋቱ የኔ ነው? (ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ)

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ። እንደነገርከኝ ከሆነ ሰላጣው መንገድ ላይ የሞቀ አይመስለኝም፤ ሲጫንም ሞቃት የነበረ ይመስለኛል። ማሽኑ የሚያሳይህ ተሳቢው ውስጥ የሚዞረውን አየር እንጂ የሰላጣውን ሙቀት አይደለም። ሪፈር ደግሞ የቀዘቀዘውን እንደቀዘቀዘ ያቆያል እንጂ የሞቀ ዕቃ ለማቀዝቀዝ አልተሠራም። ይሄን ሳያስረዱ ነው ለአዲስ ሹፌር ቁልፍ የሚሰጡት፤ በጣም ያናድደኛል።

ማሽኑ የጉዞውን ሙቀት ይመዘግባል። ድርጅትህ መዝገቡን ዳውንሎድ እንዲያደርግልህ ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቅ። እውነትም 34 ላይ ከቆየ ትልቁ ማስረጃህ እሱ ነው።

ለሚቀጥለው ጭነት፣ ዶክ (ዕቃ የሚጫንበት በር) ከመጠጋትህ በፊት ተሳቢውን አቀዝቅዘው፤ በሩ ተከፍቶ ሲጫን ግን ማሽኑን አጥፋው፣ አለዚያ ከውጭ እርጥብ አየር ይስብና ውስጡ በረዶ ይሠራል። የሚወጋ ቴርሞሜትር ይኑርህ። ከፊት፣ ከመሃልና ከበሩ በኩል ካሉት ፓሌቶች አንዳንድ ካርቶን አስከፍተህ ሰላጣው መሃል ሰክተህ ለካ። 34 መሆን ሲገባው 45 ካሳየህ እንዳትፈርም! ፎቶ አንሳ፣ ለዲስፓቸርህ (ሥራ ለሚመድብልህ ሰው) ደውል፣ እሱ ከብሮከሩ (ከጭነቱ ደላላ) ጋር ይነጋገር። «ግድ የለም፣ ውሰደው» ካሉህ በቴክስት ይጻፉልህ፤ የለካኸውንም ቁጥር ቢል ኦፍ ሌዲንጉ (የምትፈርምበት የጭነት ወረቀት) ላይ አስፍረው። ሹፌር ዶክ ላይ አናስገባም የሚሉም አሉ፤ ያኔ «ሙቀቱን እንድለካ አልተፈቀደልኝም» ብለህ ጽፈህ ነው የምትፈርመው። አንዳንዱ ይቆጣሃል፣ ይቆጣ።

ሌላው፣ ሰላጣ ከተቆረጠም በኋላ ይተነፍሳል፣ ሙቀት ያወጣል። ስለዚህ ማሽኑን «ኮንቲኒየስ» (ሳያቋርጥ የሚሠራበት) ላይ አድርገው። እየጠፋ እየተነሳ የሚሠራበት ነዳጅ ይቆጥባል፣ በረዶ ለሆነ ሥጋ ይሆን ይሆናል፣ ለአትክልት ግን አይመከርም። ጣሪያው አጠገብ ካለው ቀይ መስመር በላይ ካርቶን ከደረደሩብህም አስወርድ፤ አየሩ ወደ ኋላ አይደርስም።

ናፍጣውንም አትርሳ፤ ማሽኑ ከመኪናው የተለየ የራሱ ታንክ አለው፣ ለመኪናው በቀዳህ ቁጥር እሱንም እየው።