የባቄላ ባክቴሪያ ለሽምብራ አይሆንም

ፎገራ ላይ የዘሩት ሽምብራ ቢጫ እንደ ሆነብዎና ዩሪያ ልጨምርበት ወይ ብለው ጽፈውልኛል። ሽምብራዎ ቢጫ የሆነው፣ እንደ ጻፉት ከባቄላ የተረፈውን ሕያው ማዳበሪያ (ከዘር ጋር የሚለወስ ባክቴሪያ) ስለ ተጠቀሙ ሳይሆን አይቀርም። ባቄላን የሚረዳው ባክቴሪያ ከሽምብራ ሥር ጋር ስለማይስማማ፣ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ለተክሉ ሊያቀርብለት አይችልም፤ ሽምብራ የራሱ ባክቴሪያ አለው።

ናይትሮጅን የሚሰጠውን ዩሪያ ከመጨመርዎ በፊት ግን ሥሩን ይመልከቱ። የፎገራ ዋልካ ሥር ይዞ ስለሚያስቀር ተክሉን በእጅ አይንቀሉት፤ ከነአፈሩ በአካፋ ያንሱትና በውኃ ቀስ ብለው ያጥቡት። ከዚያ በሥሩ ላይ ያሉትን ትንንሽ እባጮች በጥፍርዎ ይሰንጥቁ። ውስጣቸው ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ፣ ቀድሞ በአፈሩ የነበረ ተስማሚ ባክቴሪያ ሥራውን እየሠራ ነውና ዩሪያውን ይተዉት፤ ናይትሮጅን በቀላሉ ያገኘ ተክል ባክቴሪያውን ማስተናገድ ይቀንሳል። ቀለሙ የሚመጣው በደማችን ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከሚቀራረብና ኦክስጅንን ከሚቆጣጠር ፕሮቲን ነው። እባጭ ከሌለ፣ ወይም አበባ በጀመረ ተክል ላይ እንኳ ውስጡ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ጥቂት ዩሪያ ለዘንድሮው ሰብል ሊጠቅም ይችላል። ማሳው ላይ ውኃ ከተኛ ግን መጀመሪያ ያንጣፍፉት፤ አየር ያጣ ሥር በማንኛውም ማዳበሪያ አያገግምም።

ለሚቀጥለው ዘመን ከልምዴ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ባክቴሪያው ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ፀሐይ ይገድለዋል። የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈ የሽምብራ ባክቴሪያ እሽግ ይግዙ፣ ከባሕር ዳር ሲጓዙም በጥላ ይያዙት፣ ዘሩን በስኳር ውኃ አርሰው ጥላ ሥር ከባክቴሪያው ጋር ይለውሱትና በዚያው ዕለት ዘርተው ወዲያውኑ አፈር ያልብሱት።