ፀሐይ ላይ ለሚውል ሠራተኛ አደጋው በሙቀት አይለካም

ወንድምዎ ለ14 ዓመት በመንገድ ግንባታ ላይ እንደሠራ፣ የታችኛው ከንፈሩ ከዓመት በላይ እየተሰነጠቀና እየተላጠ አልድን እንዳለ፣ እሱ ግን «ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር አይዘውም» ብሎ ሐኪም ዘንድ አልሄድም እንዳለ ጽፈው፣ አባባሉ እውነት መሆኑንና ምን ዓይነት የፀሐይ መከላከያ ክሬም ቢገዙለት እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ 11 ዓመት በቅየሳ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በግንባታ ቦታ የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪነት የሠራሁ ሰው ነኝ። ክሬሙ ትንሽ ይቆይና ከከንፈሩ ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው።

የታችኛው ከንፈር ወደ ላይ ያዘነበለ ስለሆነ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ያርፍበታል፤ ቆዳውም ስስ ነው፣ ከፀሐይ የሚከላከለው የቆዳ ቀለም፣ ሜላኒኑም፣ ከቀረው ፊት ያነሰ ነው። ለዓመታት ፀሐይ የመታው ከንፈር መጀመሪያ ይደርቃል፣ ይላጣል፤ ቆየት ሲል ነጣ ያለ ሻካራ ቦታ ይወጣበታል፤ ከንፈሩና ቆዳው የሚገናኙበት መስመርም እየደበዘዘ ይሄዳል። ይህ ገና ካንሰር ባይሆንም ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ ወደሚባለው የቆዳ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል፤ ከንፈር ላይ የወጣው ደግሞ ሌላ ቆዳ ላይ ከሚወጣው ይልቅ አንገት ላይ ወዳሉት የሊምፍ ዕጢዎች የመዛመት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ አደጋው ይጨምራል። የወንድምዎ ሕመም ተራ ብግነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ቁርጡ የሚታወቀው ከቦታው ትንሽ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ማለትም በባዮፕሲ ነው። አራት ሳምንት ሞልቶት ያልዳነ ቁስል ለሐኪም መታየት ሲገባው የእሱ ዓመት አልፎታል።

እንዲህ አጥብቄ የምናገረው በቅየሳ ዘመኔ የመለኪያውን ዘንግ ይዞ ከፊቴ ይቆም የነበረ የሥራ ባልደረባዬ ስለደረሰበት ነገር ነው። ከአልቢኒዝም ጋር፣ ማለትም ቆዳው ያን ቀለም ሳይኖረው የተወለደ ሰው ነበር። በቀኝ ጆሮው የላይኛው ጠርዝ ላይ፣ ሄልሜቱ በማይሸፍነው ቦታ፣ ምስር የምታክል ቅርፊት ወጣችበት። «ማሰሪያው ፈግፍጎት ነው» አልን ሁላችንም፤ እኔ ራሴ ቁራጭ ጨርቅ ማሰሪያው ላይ ጠቅልዬለታለሁ። ቅርፊቷ ትወድቃለች፣ አንድ ሁለት ጠብታ ደም ኮሌታው ላይ ይደርቃል፣ በሳምንቱ ተመልሳ ትወጣለች። ሁለት ጊዜ የታየበት የሕክምና ቦታ ቅባት ሰጥቶ መለሰው፤ ሥራው ምን እንደሆነ የጠየቀው አልነበረም። በስምንተኛው ወር ከሥሯ ጠንካራ እብጠት ሲሰማው ሌላ ቦታ ናሙና ተወሰደለትና ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ መሆኑ ታወቀ። ከጆሮው ሲሶ ያህሉ ተቆርጦ ወጣ። ዛሬ በሕይወት አለ፤ ሥራው ግን መጋዘን ውስጥ ሆኗል።

በዚያን ጊዜ ከፀሐይ መጠንቀቅ ለእኛ ከሙቀት መጠንቀቅ ማለት ነበር። ቴርሞሜትር ነበረን፣ ውኃ ይታደል ነበር፣ በጣም ሲሞቅ ሥራ ይቆም ነበር። ባልደረባዬ የታመመበት ሥራ ግን ከፍታ ቦታ ላይ፣ ነፋስ እየነፈሰ፣ ጃኬት ለብሰን የሠራነው ነው፤ አንድም ቀን ሞቀን ብለን ጥላ አልፈለግንም። ቆዳን የሚጎዳው አልትራቫዮሌት ጨረር በዓይን አይታይም፣ እንደ ሙቀትም አይሰማም። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የጨረሩ ጉልበት በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስስ ደመናም አብዛኛውን ያሳልፈዋል። ከታች የሚያንጸባርቀውም አለ፤ ደረቅ አሸዋ 15 በመቶ ያህሉን፣ አዲስ በረዶ እስከ 80 በመቶ ድረስ ይመልሳል። ስለዚህ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ፊቱ ሙሉ በሙሉ ተጋረደ ማለት አይደለም። መስታወትም ቢሆን አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለውን ቢያግድ አልትራቫዮሌት ኤ የሚባለውን በብዛት ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ፎቶግራፉ የወጣ አንድ የ69 ዓመት ሰው ለ28 ዓመት የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ በመስኮት በኩል የነበረው ግራ ፊቱ ተሸብሽቦና ተጎርብጦ ሲታይ የቀኙ ግን የሌላ፣ የወጣት ሰው ይመስል ነበር። ሠራተኞችን ሳስተምር ቴርሞሜትሩን ትቼ የምነግራቸው ቀላል መለኪያ ጥላቸው ነው፤ ጥላዎ ከቁመትዎ ካጠረ ጨረሩ ጠንካራ ነው፣ ቢበርድም ቢነፍስም።

ጨረሩ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ ይጎዳል፤ ሰውነት አብዛኛውን ይጠግናል፣ ያመለጠው ግን ይቆያል፣ ዓመት በዓመት ላይ ይደራረባል። ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ ከሁሉ ይበልጥ ከዚህ ክምችት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ነው ውጭ የሚሠሩ ሰዎችን የሚመለከተው። ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ጀርመናዊው የቆዳ ሐኪም ፓውል ኡና እ.ኤ.አ. በ1894 የመርከበኞችን ቆዳ ዐይቶ ጽፎበታል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም የፀሐይን ጨረር ካንሰር አምጪ ከሆኑት ነገሮች ተርታ ያስቀመጠው በ1992 ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2023 በጋራ ባወጡት ግምት መሠረት፣ ሜላኖማ (ከቆዳ ቀለም ሠሪ ሕዋሳት የሚነሣው ካንሰር) ባልሆነ የቆዳ ካንሰር ከሚሞቱት ሦስት ሰዎች የአንዱ ያህል ሞት የሚመጣው ፀሐይ ላይ ከመሥራት ነው፤ በ2019 ብቻ ወደ 19,000 የሚጠጉ ሰዎች በዚህ ምክንያት ሞተዋል።

«ጥቁር ሰው አይዘውም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ጥቁር ቆዳ በተፈጥሮው 13 ኤስፒኤፍ (በክሬም ላይ የሚጻፈው የፀሐይ መከላከል አቅም ቁጥር) ያህል መከላከያ እንዳለው ተለክቷል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፣ በእውነትም ከፀሐይ የሚመጣ የቆዳ ካንሰር ከነጮች ይልቅ በጥቁሮች ላይ እጅግ አነስተኛ ነው። ነገር ግን አነስተኛ ማለት የለም ማለት አይደለም፤ ከንፈር እንዳልኩት የዚህ ጥቅም ተካፋይነቱ አነስተኛ ነው፤ አልቢኒዝም ያለበት ሰው ደግሞ ጨርሶ የለውም ማለት ይቻላል። በጥቁር ቆዳ ላይ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚወጣው በቆየ የቃጠሎ ጠባሳና ለዓመታት ባልዳነ ቁስል ላይ፣ ሜላኖማ ከሆነም በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። ይህ ከፀሐይ ጋር ባይያያዝም ወንድምዎ ውስጥ እግሩንም ይመልከት። ሰው የሚጎዳው ያ አባባል ለወራት ከሐኪም ስለሚያርቀው ነው።

አሁን ወደ ክሬሙ ልምጣ። ክሬም ይጠቅማል፤ በአውስትራሊያ ከ1,600 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ከ1992 ጀምሮ የተካሄደ ጥናት፣ በየቀኑ መቀባት ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማን በ40 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። ሥራ ቦታ ላይ ግን በየሁለት ሰዓቱ መደገም አለበት፤ ላብ ያጥበዋል፣ አቧራ ይለጠፍበታል፣ እጁ በሲሚንቶ ወይም በሬንጅ የተለወሰ ሰውም ፊቱን አይነካም። በጀርባ ኪሱ ሲዞር የከረመ፣ ክዳኑ ያልተከፈተ ቱቦ ስንት ጊዜ እንዳየሁ! አሠሪዎች ክሬም ማደል የሚወዱት፣ እንደ እኔ ግምት፣ የሥራ ሰዓት ከማዛወር ስለሚቀል ነው። እኔ የማስቀድመው ሰዓቱን ነው፤ ጥላ የሌለውን ሥራ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ዘግየት ብሎ መሥራት፣ ለቀትሩ ከጥላ ሥር የሚሠራውን ማቆየት፣ የዕረፍት ቦታንም ዳስ ማልበስ። ቀጥሎ ልብስ ነው፤ ወደ ብርሃን ሲያነሡት የማያሳይ፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ ረጅም እጅጌ። ስስ ነጭ ጥጥ፣ በተለይ በላብ ሲርስ፣ ብዙ አይከላከልም። ሄልሜት ለሚያደርግ ሰው አንገትና ጆሮ የሚሸፍን ጨርቅ ከኋላው ማያያዝ ነው፤ ከፊት ብቻ ጠርዝ ያለው ኮፍያ ጆሮን ባዶ ይተዋል። ለወንድምዎ ከመደበኛው ክሬም በፊት 30 ወይም ከዚያ በላይ ኤስፒኤፍ ያለው የከንፈር ቅባት ይግዙለት፤ ከበላና ከጠጣ በኋላ ይድገመው። ቅባቱ ግን ምርመራውን አይተካም።

ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ይናገር። ለደም ግፊት የሚታዘዘው ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ዶክሲሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ቆዳ በፀሐይ ቶሎ እንዲጎዳ ያደርጋሉ፤ በራሱ ፈቃድ ግን አያቋርጥ። ስንት ዓመት፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት ሥራ ፀሐይ ላይ እንደዋለም ሳይጠየቅ ይናገርና በካርዱ ላይ እንዲጻፍለት ይጠይቅ። ጀርመን ከ2015 ጀምሮ ይህን ካንሰር ውጭ ለሚሠሩ ሰዎች የሥራ በሽታ ብላ ተቀብላለች፤ እንዲህ ያለ ሕግ ባለበት አገር ካሳ የሚጠይቅ ሰው የሚጠቅሰው ማስረጃ ያ ካርድ ነው። የባልደረባዬ ካርድ ላይ የተጻፈው «የጆሮ ቁስል» ብቻ ነበር።