መልስ፦ የእንጨት ጊታር ወይስ ክብ ጀርባ?

ወንድሜ፣ ሱሉልታ ቤትህ ለመለማመድ የእንጨት ጊታር ልግዛ ወይስ ጀርባው ክብ የሆነውን ሰው ሠራሽ ብለሃል። እኔ ለገጣፎ ሆኜ ሁለቱንም እጫወታለሁ።

«ክቡ ፕላስቲክ ስለሆነ አይሰነጠቅም» የሚል ሻጭ ካጋጠመህ አትመነው። የዚህ ዓይነቱን ጊታር ያስተዋወቀው ኦቬሽን የተባለው ጊታር ሠሪ ኩባንያ ነው፤ መሥራቹ ቻርልስ ካማን የሄሊኮፕተር አምራች ነበር። ሰው ሠራሽ የሆነው ጎኑና ጀርባው ነው፤ ድምፁን የሚያወጣው ፊቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንጨት ነው። የበጋው ደረቅ አየር ያንንም ያገኘዋል። የእኔ የእንጨት ጊታር ባለፈው የካቲት ከክር መያዣው ሥር ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ክዳኑን በበሳሁት የሳሙና ዕቃ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አድርጌ ከጊታሩ ጋር ሣጥኑ ውስጥ እዘጋበታለሁ። ለክቡም እንዲሁ ነው የማደርገው።

ያለ ድምፅ ማጉያ ከሆነ የምትጫወተው፣ ያለ ጥርጥር እንጨቱን ግዛ። ወፍራሙን ክር ስትመታው ንዝረቱ ደረትህ ድረስ ይሰማሃል፤ ክቡ ጥርት ያለ ቢሆንም ለእኔ ጆሮ ይሳሳብኛል። ማጉያ ላይ ሲሰካ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ መድረክ ላይ ክቡን ነው የምይዘው። ደግሞም ተቀምጠህ ስትጫወት ሆዱ እንደ ክራር ገበቴ ስለሆነ ከጭንህ ይንሸራተታል፤ ከገዛኸው ማንገቻውን አብረህ ግዛ።